ጉባኤ፣ ተቋምና ፋይል፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ የተነሣ የመምህራን ሥልጠና ቅኝት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። መንገደኛው እዚህ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ዓሣ ለመብላት ነው። ከበላ በኋላ ወደ አምባሰል፣ ወደ ውጫሌ ይወጣል፤ ስለ 1881ዱ ውል የሚያውቀውን ለአብሮ ተጓዡ እየተረከ ያልፋል። ከከተማዋ ጎን ባለው ውኃ ውስጥ ዘልቃ የገባችውን፣ ድሮ ደሴት የነበረችውን ደናማ መሬት ግን ከመኪናው መስኮት አይቷት ዝም ይላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ መምህራኗን እንዴት እንዳፈራች፣ ካፈራቻቸውም በኋላ በሙያቸው እንዴት እንዳቆየቻቸው ለመጠየቅ የፈለገ ሰው ከአዲስ አበባ ባይነሣ ይሻለዋል፤ ከዚህ ቢነሣ ብዙ ያገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ደሴቲቱ በመጡ ጊዜ ነው። የዳህና ተወላጅ ናቸው። ትምህርታቸውን የተማሩት በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ፣ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ሲሆን፣ እዚያ ሳሉ መጻሕፍትን በመገልበጥ ይታወቁ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት አጥብቀው እንደጻፉት፣ ከዚያ በፊት ከአማራና ከሸዋ ምድር ከፍ ያለ የገዳም ትምህርት የፈለገ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ትግራይ ገዳማት መሄድ ነበረበት። ሐይቅ ያንን መንገድ አሳጠረው። ትምህርቱ ወደ ተማሪው ቀረበ፤ ዛሬ ‹‹ተደራሽነት›› የምንለው ነገር በዚያን ዘመን መልኩ ይህ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችላ የምንለው አንድ ጉዳይ አለ። ወደ ሐይቅ የመጡት ሁሉ ፊደል ቆጣሪ ሕፃናት አልነበሩም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ ሲደርሱ ዕድሜያቸው ከ30 ያለፈ፣ ክህነት የተቀበሉ፣ በሸዋ ምድር ሲያስተምሩ የቆዩ ሰው ነበሩ። ገድላቸው እንደሚለው በኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ፤ በኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። በዛሬ አነጋገር የሥራ ላይ ሥልጠና የወሰደ መምህር ናቸው። ሥራቸውን ትተው መጡ፣ ከሚበልጣቸው ሰው አጠገብ ለዓመታት ኖሩ፣ የነበራቸውን አሻሽለው ወደ መጡበት ተመለሱ። የሐይቅን ጉባኤ የጀማሪዎች ትምህርት ቤት ከማለት የመምህራን ቤት ማለት የተሻለ ይገልጸዋል።

ቤቱ መጻሕፍትም ነበሩት። በገዳሙ የሚገኘውና በ1273 ዓ.ም. እንደተሰጠ የተመዘገበው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ዘመናቸው በውስጣቸው ከተጻፈባቸው የኢትዮጵያ ሥዕላዊ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው ነው። የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ አለ። አንድ መምህር በሕይወት እያለ ምስሉ በመጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ለዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ደቀ መዛሙርቱ ለእርሱ የነበራቸውን ግምት ይናገራል። አውሮፓ ውስጥ መምህራንን ለማሠልጠን ብቻ ተብሎ የተከፈተ የመጀመሪያው ተቋም ብዙውን ጊዜ የሚባለው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል እ.ኤ.አ. በ1685 ፈረንሳይ ውስጥ በሬምስ ያቋቋመው ነው። ሁለቱን ለውድድር ማቅረብ ግን ቅንነት የለውም። ደ ላ ሳል ያሰበው የድሆችን ልጆች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ኢየሱስ ሞዓ ያሰቡት ገዳም የሚተክል ሰው ነበር።

ተከሉም። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄዶ ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረተ፤ የሐይቁ እስጢፋኖስ ስም በሌላ ሐይቅ ላይ መገኘቱ ከዚህ የመጣ ነው። በሸዋ በኩል የተክለ ሃይማኖት ቤት እየሰፋ ሄዶ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ፊልጶስ ዘመን አገሩ ተከፋፍሎ 12 መምህራን ተመደቡበት፤ እያንዳንዱም የራሱን ክልል እየዞረ እንዲያስተምርና እንዲቆጣጠር ሆነ። ስለ ሱፐርቪዥን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ ቢጀምሩ አይከፋም። ከዚያም ቆይቶ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ ተማሩ። ስለ እርሳቸው የሚነገረው ትውፊት ለመምህራን ደስ የሚል ነው፤ በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው የተቸገሩ፣ ቀለም የማይዙ ተማሪ ነበሩ ይባላል። ያ ተማሪ በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታቱን የደረሰ ሊቅ ሆነ።

የሐይቅ አበምኔት በዚያው ዘመን ሌላ ሥራ ተጨመረበት። ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከንጉሡ አጠገብ ከሚቀመጡት ከፍተኛ ካህናት አንዱ ሆነ። የዛግዌ መንግሥት አልፎ በ1263 ዓ.ም. ገደማ ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ኢየሱስ ሞዓ ረድተውታል የሚለው ትውፊት የዚህ ሹመት መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ዓቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ንጉሡን ከማንም በላይ ከሚቀርቡት ሰዎች አንዱ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ወደ ዙፋን ከመምጣቱ በፊት ታስሮ የኖረው እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ በግሸን አምባ ላይ ነው። ከነገሠ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ በሰንበታት ካህናት ሕዝቡን ሃይማኖት እንዲያስተምሩ አዘዘ። ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ቅጣትም ያለበት ነበር። በአገራችን የትምህርት መመሪያ ጠባይ ከጥንትም ብዙ የተለየ አልነበረም ማለት ነው።

የእኔ ግምት ይህ ነው፦ የሐይቅ አለቃ በቤተ መንግሥት እየከበረ በሄደ መጠን የሐይቅ ጉባኤ በትምህርት ደረጃ ያለው ቀዳሚነት እየቀነሰ ሄደ። ታላላቅ የትምህርት ስሞች ወደ ሌሎች ቦታዎች ዞሩ። አለቃው ከንጉሡ ሰፈር ጋር አብሮ ሲዘዋወር ጉባኤውን የሚመራው ሌላ ሰው ነበር። በ1524 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ዳር ሲደርስ፣ የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ መነኮሳቱ የተከማቸውን ሀብት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አተረፉ። ከዚያ በኋላ ሐይቅ የኖረችው እንደ ገዳም እንጂ እንደ አገር አቀፍ የመምህራን ቤት አይደለም።

አሠራሩ ግን አልጠፋም፤ በየደብሩ ተበተነ። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ያየ ሰው የዚያን ዘመን የመምህር ማፍሪያ ዘዴ ከሞላ ጎደል ዛሬም ሲሠራ ያያል። ተማሪው የተሰጠውን ይዞ ወደ ጫካው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፣ ቅኔ ይቆጥራል፣ ተመልሶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ገና ተማሪ ነው። ጉባኤ ቃናውን አልፎ፣ ሥላሴውን አልፎ፣ መወድስ ደርሷል፤ ከበላዩ ያለውን እየተማረ ከበታቹ ያለውን ያርማል። ዜማ ቤትም ቢሆን ቀጻዩ ለታናሹ እየቀጸለ ለራሱ ያጠናል። የኔታ ሁሉንም አይነኩም፤ በአስነጋሪው በኩል የታረመውን ይሰማሉ፣ ካልተስማማቸው እርማቱን ያርማሉ። በዚህ ቤት ማስተማር የትምህርቱ አካል ነው። ‹‹ተመረቀ›› ከመባሉ በፊት ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው ወንበር የሚዘረጋው።

ምስክርነቱም ቦታ ነበረው። ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ቤተልሔም ሳያስመሰክር፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ ሳያሳይ፣ አቋቋሙን በጎንደር ሳያረጋግጥ ምሉዕ መምህር አይባልም ነበር። በቅኔ ጎንጅ፣ ዋሸራና የወሎዋ ዋድላ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመቅመስ ስንቁን በአኩፋዳ ይዞ ይሄዳል። ከአንድ መምህር ወደ ሌላ መዞሩ እንደ ነውር አይቆጠርም። ስንት የኔታ እንዳየ ይጠየቃል፤ በብዛታቸውም ይከበራል።

ይህን ስናወራ ናፍቆት እንዳያሳውረን። የቆሎ ተማሪ በረሃብ፣ በውሻ ንክሻና በወረርሽኝ ያለቀባቸው ዘመናት ብዙ ናቸው። ቃሉ ሳይጎድል መያዙ ለብዙ መምህራን ከመረዳቱ በላይ ነበር፤ አለንጋውም ከትርጓሜው ይቀድም ነበር። ሴቶች ከሞላ ጎደል ከደጅ ቀርተዋል። በጎጃም ቅኔ ያስተምሩ የነበሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እንዲህ ጎልቶ የሚነሣው ሌላ ሴት ለመጥራት ስለሚቸግር ጭምር ነው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እስከ ዛሬ አትገባም።

ደግሞም ሐይቅና አካባቢው የአንድ እምነት አገር አይደለም። የተሁለደሬ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ወሎም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስልምና ዕውቀት ማዕከል ነበረች። ጃማ ንጉሥን የመሠረቱት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ በጌታ ያስተማሩት ሐጂ ቡሽራ፣ ወደ እኛ ዘመን የቀረቡትና እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉት የሾንኬው ሸኽ ጀውሀር ሁሉም መስጊድ ብቻ አልነበራቸውም፤ ደረሳ የሚባሉ ተማሪዎች ነበሯቸው። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ደረሳው ፊቅህን ከአንዱ፣ ነህውን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው እየለቀመ ይዞራል፤ ሸኹ ሲበቃው ኢጃዛ ይሰጠዋል፤ ኢጃዛውም ማን ከማን እንደተማረ የሚቆጥር ሰንሰለት ነው። የዋድላው ተማሪና የጌታው ደረሳ በአንድ መንገድ ላይ ቢገናኙ ስለ መጻሕፍት ባይግባቡ እንኳ ስለ አሠራሩ ይግባቡ ነበር። ሁለቱም ዕውቀታቸው የሚመዘነው በመምህራቸው ስም ነው፤ ሁለቱም የሚበሉት ከገበሬው ደጅ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህ ሰንሰለት አልተቀጠለም፤ አዲስ ተጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በኋላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ለመክፈት ስትነሣ መምህር አልነበራትም፤ ከነበሯትም የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ በጠላት እጅ ተጨፍጭፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 በምኒልክ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ቀጥሎ ሐረር፣ ደብረ ብርሃንና ሌሎችም መጡ። የደብረ ብርሃኑ በዩኔስኮ እርዳታ ለገጠር ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ያሠለጥን ነበር። በዚህ መካከል መምህራን ራሳቸው በ1941 ዓ.ም. ማኅበራቸውን አቋቋሙ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1961 የአፍሪካ አገሮች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ትምህርት ሲመክሩ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በተማሪ ቁጥር ከብዙዎቹ፣ ከቅኝ ግዛት ገና ከወጡት ሳይቀር፣ ወደ ኋላ መቅረቷ ይፋ ወጣ። ሐፍረቱ ጥሩ ገፋፊ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ ከሕንድ የመጡ መምህራንም በርካታ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ሆነ፤ ብዙዎቹም ያስተማሩ ነበር። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ስም የተሰየመው የደሴው ትምህርት ቤት የዚያን ዘመን መንፈስ ቀምሷል። ከተማሪዎቹ መካከል በኋላ የአገሪቱን ፖለቲካ ያናወጡ ወጣቶች ወጡ።

ከዚያ ዘመን ተቋማት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የባሕር ዳሩ የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተውበት በ1965 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዓላማው ተራ መምህር ማፍራት አልነበረም። የመምህራን አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችን፣ የትምህርት ቤት መሪዎችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን በአንድ ቅጥር ለማፍራት ታስቦ የተቋቋመ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስተሳስሩ ሰዎች እንዲወጡበት ተፈልጎ ነበር። መምህሩንም፣ አሠልጣኙንም፣ መሪውንም በአንድ ጣራ ሥር የማሰብ ሐሳብ ከሐይቅ ወዲህ በግልጽ የታየው እዚህ ይመስለኛል። አካዳሚው በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶም የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲው አድጓል። ያ ጠባብና ግልጽ ዓላማ ግን በስፋቱ ውስጥ ሟሟ።

አካዳሚው ሥራ በጀመረ በዓመቱ መምህራን አገሪቱን ካናወጡት መካከል ሆኑ። የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት ደመወዛችንን ያሳንሳል፣ የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ያደርጋል ብለው የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎችም አደሙ። መንግሥት ጥናቱን አዘገየው፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ራሱ ወደቀ። ስለ መምህራን ሙያ ማሻሻያ የሚወጣ ማንኛውም ሰነድ መምህራኑን ሳያማክር ከወጣ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ደርግ ተማሪውንም መምህሩንም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ማስተማሪያው በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ቀደም ብለው ሳይሠለጥኑ በማስተማር ማስተማርን ተማሩ። በሌላ በኩል በቀይ ሽብር ከወደቁት መካከል መምህራን ብዙ ነበሩ፤ የተረፉትም ዝም ማለትን ተማሩ። ለሙያው የዝምታን ያህል ጎጂ ነገር የለም፤ ስለ ትምህርት አሰጣጡ የማይከራከር የመምህራን ክፍል ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ብቻ ይሆናል።

በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ከዚያ የመጣው መስፋፋት በአፍሪካ ከታዩት ፈጣኖች አንዱ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ3 ሚሊዮን ገደማ ጀምሮ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከ17 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ሁሉ ልጅ የሚያስተምር ሰው ከየት ይመጣል? ከአሥረኛ ክፍል ተወስዶ በአንድ ዓመት ሥልጠና ክፍል የገባው መምህር ነው የተሸከመው። በኋላ ሰርተፊኬቱ ወደ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማው ወደ ዲግሪ ይደግ ተባለ። መምህሩ በክረምት ትምህርት እየተመላለሰ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ ራሱን አሻሻለ። ክረምት ሲመጣ ደሴ ላይ ቤት የሚከራዩ፣ በየኮሌጁ የሚማሩ ባለትዳር መምህራን የዚህ ዘመን ሐይቅ ተጓዦች ናቸው።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ወረቀቱ በዛ። መጀመሪያ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ መጣ፤ መምህሩ ተናጋሪ ብቻ ከሚሆን ተማሪውን የሚያሠራ ይሁን የሚል ነበር። የመምህራን አሠልጣኞች በሥራቸው ላይ ሆነው ለአንድ ዓመት የሚወስዱት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተከተለ። በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች የደገፉት የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ተጨመረ። በዚሁ መካከል ሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ፤ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ የሚናገር መምህር ከግድግዳው ወጣ፤ የክፍሉ መምህር ደግሞ ሲያልቅ ጠብቆ ‹‹ገባችሁ?›› የሚል ሰው ሆነ። እኔ በዚያ ዘመን ለመምህሩ ክብር ያን ያህል የጎዳ ፈጠራ አላየሁም።

ከእነዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የቀረው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ነው። መምህራን ‹‹ተሙማ›› ይሉታል፤ ‹‹ሲፒዲ›› የሚሉትም ብዙ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተሻሻለው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚህ እንዲያውል ይጠይቃል። አዲስ የተቀጠረ መምህር ለሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር ሥር ሆኖ የትውውቅ ሞጁሎችን ይሠራል። ነባሩ ደግሞ ችግሩን ይለያል፣ ያቅዳል፣ ይተገብራል፣ ይገመግማል፤ ያደረገውን ሁሉ በፖርትፎሊዮ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ይሰባሰባሉ፤ ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር አለው፤ ሱፐርቫይዘሩ በየትምህርት ቤቱ ይዞራል። ይህን በወረቀት ላይ ሲያነቡት የቅኔ ቤቱ ሥርዓት በሌላ ስም ተመልሶ የመጣ ይመስላል። አማካሪው አስነጋሪ ነው፤ ጉድኝቱ ጉባኤ ነው፤ የ12ቱ የሸዋ መምህራን ክልል ደግሞ የሱፐርቫይዘሩ ነው።

በተግባር ግን መካከሉ ላይ የቆመ ነገር አለ፤ ፋይል። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ክፍል ከመግባቱ በፊት ፖርትፎሊዮ ይጠይቃል። መምህሩም ይህን ያውቃልና ለሱፐርቫይዘሩ የሚመች ፖርትፎሊዮ ያዘጋጃል። የደረጃ ዕድገት ከፋይሉ ጋር ተያይዟል፤ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር፣ ከዚያ ወደ መሪ መምህር ለመውጣት የሚታየው እርሱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከባልደረባ ይገለበጣል፣ ግምገማው በግንቦት ወር በአንድ ሌሊት ይጻፋል፣ ‹‹የተማሪዎች ተሳትፎ አነስተኛ መሆን›› የሚለው ችግር በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለያል። በየመምህራን ክፍሉ በሹክሹክታ የሚነገረው ይህ ነው፤ ሹክሹክታውን ሱፐርቫይዘሮቹም ያውቁታል።

ሥልጠናው ከላይ ሲመጣም ሌላ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ላይ የሠለጠነው አሠልጣኝ ክልሉን፣ የክልሉ ዞኑን፣ የዞኑ ወረዳውን ያሠለጥናል። አምስት ቀን የነበረው ሞጁል ወረዳ ሲደርስ አንድ ቀን ተኩል ይሆናል፤ አበሉም አብሮ ያንሳል፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ በርዕሰ መምህሩ አፍ የሚነገር ማስታወቂያ ይሆናል። ጃፓናውያን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያዳበሩት ልማድ በተቃራኒው ይሄዳል፤ አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ተማሪውን ይመለከታሉ፣ ማታ ላይ ትምህርቱን ይበትኑታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ጃፓን በኢትዮጵያ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን ለማጠናከር የሠራችበት ‹‹ስማሴ›› የተባለው ፕሮጀክት የዚህ ልማድ ጥላ ነበረው። ለቅኔ ቤት ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቆጠረውን በሰው ፊት ተናግሮ መታረም ያደገበት ነው። ለዘመናዊው መምህር ግን ሌላ ሰው ክፍሉ ሲገባ ሊመዘን እንጂ ሊማር አይመስለውም። በሩን ዘግቶ ማስተማር የለመደው በክፋት አይደለም፤ በሩ ሲከፈት የሚገባው ነጥብ የሚሰጥ ሰው ስለሆነ ነው።

ስለ ርዕሰ መምህራን ሳይነሣ ይህ ቅኝት ጎደሎ ነው። ለረጅም ዘመን ርዕሰ መምህር የሚሆነው ጥሩ ያስተማረ ወይም ባለሥልጣን ያመነው ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይበዛ ነበር። ከጊዜ በኋላ በትምህርት አመራር ዲግሪ፣ ኋላም በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የሚሰጥ ሥልጠና መጣ፤ መልካም ነገር ነው። ግን የሠለጠነው ርዕሰ መምህር ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ብንመለከት ወረዳ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የመዋጮ ጉዳይ፣ የግንባታ ኮሚቴ፣ የፖለቲካ ዘመቻ፣ ‹‹አንድ ለአምስት›› የተባለው የቡድን አደረጃጀት በነበረበት ዘመን ደግሞ የእርሱ ቅጽ ነው። የሐይቁ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ ከንጉሡ ሰፈር ጋር ሲዞር ጉባኤው ምን እንደሆነ አይተናል። ዛሬም ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ሲጠራ ትምህርት ቤቱ በምክትሉ ይመራል፤ ምክትሉ ሲጠራ በዘበኛው። በክፍል ጉብኝት መምህሩን መርዳት የርዕሰ መምህሩ ዋና ሥራ ነው ብሎ መመሪያው ይናገራል፤ ያው መመሪያ የላከው ቢሮ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ስብሰባ ይጠራዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት መጣ። በ2014 ዓ.ም. መኸር የሕወሓት ጦር ከወልድያ ወርዶ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ ነበር፤ ጦሩ በኅዳር መጨረሻ እስኪወጣ ድረስ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወንበራቸው ነደደ፣ ለዓመታት የተከማቸው ፖርትፎሊዮም አብሮ ሄደ። የዚያን የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላው አገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ውጤቱ የመጣው ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት በጀመረበት ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው የነበረውን እውነት ገለጠ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ጣቱ ወዲያው ወደ መምህሩ ዞረ። መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ለሙያ ፈቃድ ምዘና ተቀመጡ፤ በየዩኒቨርሲቲው የክረምት ሥልጠና ተዘጋጀላቸው። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ አንዳንድ መምህራን ለወራት ደመወዝ ያላገኙበት ጊዜ ነበር። ደመወዙ ያልደረሰውን ሰው ስለ ሙያ ማሻሻያ ማናገር ከባድ ነው።

ያም ሆኖ 60 ሰዓቱ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን መሥራት ይገባል። የትምህርቱ ዘመን 40 ሳምንት ቢሆን በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይመጣል። ለአንድ ክፍል መምህራን አብረው ተቀምጠው አንድ ትምህርት ለማቀድና የባልደረባቸውን ክፍል ለመመልከት ይህ ትንሽ ሰዓት አይደለም፤ በፋይሉ ቦታ ቢውል በአንድ ዓመት ብዙ ይሠራበታል። በየከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ግን ሁለት ፈረቃ ናቸው። የጠዋቱ ፈረቃ መምህር ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ የሒሳብ መምህራኑ ግማሾቹ ከግማሾቹ ጋር ሳምንቱን ሙሉ አይተያዩም። አብረው የሚቀመጡበት ባዶ ክፍል የለም፣ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶላቸው የሚተካቸው ሰውም አልተቀጠረም። የማዕቀፉ ገጾች ሰዓቱን ይጠይቃሉ፤ ሰዓቱን የሚገዛው የመምህር ቅጥር ግን የሚወሰነው በወረዳው በጀት ነው፤ ወረዳው ደግሞ በጀቱን ሲደለድል ከተሙማ በፊት የሚከፍላቸው ሌሎች ብዙ ዕዳዎች አሉበት።